ደርሶኛል፤ ደስ ብሎኛል

«እናቷን ነገ አውሮፕላን ላይ ጭና ልትሰድ፣ ዛሬ ቆማ የጎደሬ ቅጠል ታማርጣለች!»

ሜሌናይቴ ይህን የሰማችው በደሴታችን ዋና ገበያ በታላማሁ ውስጥ አንድ እስር የጎደሬ ቅጠል ወደ ብርሃን አንስታ ትል ይኑረው አይኑረው ስትመረምር ነው። ድምፁ የመጣው ከኋላዋ፣ ከካሳቫው ክምር ማዶ ነበር። መጀመሪያ ስለ ማን እንደተባለ አልገባትም፤ እንዲያውም በሆዷ «ምን ዓይነት አረመኔ ልጅ ናት!» ብላ የማታውቃትን ሴት ረገመቻት፤ አንገቷን አዙራም አረመኔዋን ፈለገች። ረቡዕ ጠዋት ስለሆነ ገበያው ገና አልሞላም። በዚያ ረድፍ የጎደሬ ቅጠል የያዘች ገዢ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷም ራሷ ሜሌናይቴ ናት። ከካሳቫው ክምር ማዶ የቆሙት ሁለት ሴቶች ዐይናቸው ከዐይኗ ሲጋጭ የካሳቫ አፈር የሚያራግፉ መሰሉ። ቅጠል ሻጯ፣ ዘወትር በአገራችን ገንዘብ አምስት ፓአንጋ ብላ ጀምራ በአራት ተኩል የምትለቅላት ደንበኛዋ፣ ዛሬ ሳትከራከር ሳትስቅ ሙሉ አምስቱን ተቀበለችና ፊቷን ወደ ሌላ አዞረች። ሜሌናይቴ እዚያው እንደቆመች ቅጠሉን ዘንቢሏ ውስጥ አስገባች፣ መልሳ አወጣች፣ እንደገና አስገባች።

ዕድሜዋ ሃምሳ አራት ነው። በአንድ የቤተ ክርስቲያን የሴቶች ትምህርት ቤት ጸሐፊ ናት፤ ባል አላገባችም፤ ከእናቷ ከእማማ ሉፔ ጋር ሁለት ክፍል ቤት ውስጥ ትኖራለች። ቅጠሉንም የገዛችው ለእናቷ ነው፤ የጨው ሥጋ ከኮኮናት ወተት ጋር ጠቅልላበት ልታበስልላት። እናቷን የትም የመስደድ ሐሳብ በሕልሟ እንኳ መጥቶባት አያውቅም። ስለዚህ ያደረገችው ነገር ቢኖር ወደ ገበያው በር፣ ኦቾሎኒና የተሸመነ ማራገቢያ ወደምትሸጠው ወደ አክስቷ ልጅ ወደ ቪካ መሄድ ነበር። ቪካ የሰፈሩን ወሬ ሁሉ ታውቃለች፤ የማታውቀውንም ታሟላዋለች።

«ቪካ፣ ሰዉ ምን እያለ ነው?»

«ምን ይላል? ነገ ነዋ! በሦስት ሰዓት መኪና ይዤ እመጣለሁ ብያት የለ ለእማማ ሉፔ።»

«የምን መኪና?»

ቪካ ኦቾሎኒ የምትሰፍርበትን ጣሳ አስቀመጠች። «እትዬ ሜሌ፣ በጠዋቱ አትቀልጂብኝ። የደረት ፎቶዋን ያስነሳኋት እኔ፣ ለቪዛው ወረቀት የተሰለፍኩላት እኔ፣ ቲኬቱም የመጣው በእኔ ስልክ ነው። እንግዲህ ኬሌፒ ኦክላንድ ወስዶ ሊጦራት፣ አንቺም እሺ ብለሽ...»

«እኔ? እኔ እሺ ያልኩት የት ነው?»

«በኢሜይል ነዋ! ‹አምስት ጊዜ ጻፍኩላት፣ አምስቱንም ጊዜ ደስ ብሎኛል አለችኝ› ብሎ ኬሌፒ ራሱ ነግሮኛል። እኔማ እንዴት ሆድሽ እንደቻለ ገርሞኝ ነበር። ግን የታላቅ እህት ቃል ነው፤ ማን ደፍሮ ይናገርሻል?»

ሜሌናይቴ ክው አለች። ከቪካ ጎን ያለው ባዶ ሣጥን ላይ ቁጭ ብላ ስልኳን ከዘንቢሏ አወጣች። ኬሌፒ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ከአሥራ ስምንት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ ኦክላንድ ሄዶ የቀዘቀዘ ሥጋ መጋዘን ውስጥ ሲጭንና ሲያወርድ ኖረ፤ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ደግሞ ቢሮ ተሰጠው። በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም ካደጉ በኋላ አንድ ክፍል ውስጥ አይቀመጡም፣ እንደ ጓደኛ አይቀላለዱም፣ ከባድ ነገር ፊት ለፊት አይነጋገሩም። እሁድ እሁድ ኬሌፒ ለእናቱ ሲደውል ሜሌናይቴ ተነስታ ጓሮ ትወጣለች፤ እሱም እንደወጣች ያውቃል፤ መከባበሩ ይሄ ነው። ለእህቱ የሚጽፈው በደብዳቤ ነው። ድሮ በስልኩ ሲጽፍ ያለ ችግር ይነበብ ነበር። ከመጋቢት ወዲህ ግን ከቢሮው የሚልካቸው አምስት ኢሜይሎች መጥተዋል፤ አምስቱም ባዶ። ላይ ስሙ አለ፣ ቀኑ አለ፣ መካከሉ ነጭ ነው፤ ከሥር ደግሞ «ዊንሜይል» የሚል ስም ያለው አባሪ ተንጠልጥሏል። ያንን ስትነካው ስልኳ «ይህን ፋይል መክፈት አልተቻለም» ይላል።

ኬሌፒ ለወትሮው የኦክላንዱን ቤተ ክርስቲያን መዘምራን ፎቶና መዝሙር መላክ ይወዳል። ሜሌናይቴም «ይሄ ደግሞ መዝሙሩ ይሆናል፤ ስልኬ አሮጌ ስለሆነ ከብዶታል» ብላ አለፈችው። የላክህልኝ ነገር አልተከፈተልኝም ብሎ መጻፍስ? ለወንድም እንዲህ ያለ ነገር አይባልም። አዲስ ቢሮ የተሰጠውን ሰው «ደብዳቤ መላክ አትችልም» እንደማለት ነው። ደግሞም ሠላሳ ዓመት በጸሐፊነት የኖረች ሴት አንድ አባሪ መክፈት አቃታት ቢባል ያምርባታል? ስለዚህ ደብዳቤ የደረሰው ጨዋ ሰው የሚለውን አለች፤ አምስት ጊዜ፣ ቃል ሳትለውጥ፦ «ደርሶኛል ወንድሜ፤ ልቤ ደስ ብሎታል። ጌታ ይባርክህ።»

«ልደውልለት?» አለች ቪካ።

«ቆይ! አትደውዪ!» ብላ ጮኸችባት፤ ሁለት መንገደኞች ዞር አሉ። ምን ብላ ታስደውላለች? ሳላነብ ነው የመለስኩልህ ብላ? ከሁሉ በፊት እሺ ያለችው ምን እንደሆነ በዐይኗ ማየት አለባት።

ከገበያው እስከ ትምህርት ቤቷ የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። ሐምሌ ስለሆነ ከባሕሩ የሚመጣው ነፋስ ይበርዳል፤ እሷ ግን ላብ በላብ ሆናለች። እየሄደች ባለፉት ወራት ያየቻቸው ነገሮች አንድ በአንድ ትዝ እያሏት መልካቸውን ለወጡባት። እናቷ ሰሌኖቿን አውጥታ አናፍሳ፣ ጠቅልላ፣ ማሰር የጀመረችው ሰኔ ላይ ነው፤ ሜሌናይቴ ለቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ ጉባኤ መስሏት ገመድ እንኳ ያቀበለቻት እሷ ናት። የደረት ፎቶው ለሳሏ መስሏት ነበር። ባለፈው እሁድ ከሴቶች ማኅበር አዲስ ሰሌን ተሸክማ ስትገባም «እንዴት ያለ ደግ ማኅበር ነው» አለች እንጂ የስንብት ስጦታ ነው ብሎ ማን አሰበ? እናቷም ዝም፣ ጎረቤቱም ዝም፤ እሷም ዝም ያለ ሰው አትነካካም። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም ይባላል፤ ዝንቡ አይግባበት እንጂ በዚያ ቤት ሌላ ሌላው ሁሉ ገብቶበት ነበር። ደግሞ ሳሉ። እናቷ ሦስት ዓመት ሙሉ ሌሊት ሌሊት ስትስል ትንሿ ቤት ትናወጥ ነበር፤ ዘንድሮ መጋቢት ላይ ሳሉ ጠፋ። ሜሌናይቴ ለመጀመሪያ ጊዜ እስኪነጋ ተኛች፤ መድኃኒቱ ሠራ ብላ ለጎረቤት ሁሉ አወራች፤ እግዚአብሔርንም አመሰገነች።

አንድ ነገር ደግሞ አለ፤ ለማንም የማትናገረው። መንገድ ላይ ለአንድ አፍታ ቤቱን ያለ እናቷ አየችው። ጸጥ ያለ፣ ሁለቱም ክፍል የእሷ የሆነ፣ ማንም «የት ቆየሽ» የማይላት። የፈራችው ያንን በማየቷ አይደለም፤ አይታ ወዲያው ባለመጥላቷ ነው። ራሷን ተጸየፈች። ምናልባት ሳታውቀው እውነት እሺ ብላ ቢሆንስ? ግራ የገባው ሰው በራሱ ላይ የማይጠረጥረው ነገር የለም።

ቢሮዋ ገብታ ዘንቢሏን እንኳ ሳታወርድ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ኮምፒውተሩ እንደ ስልኳ እምቢ አላለም፤ «በምን ልክፈተው?» ብሎ ጠየቃት። ለተራ ጽሑፍ የምትጠቀምበትን መረጠችለት። ገጹ ሞላ፤ የሞላው ግን ጉድ ነው። አራት ማዕዘን ሣጥኖች፣ የጥያቄ ምልክቶች፣ የማንም አገር ያልሆኑ ፊደሎች፣ ዶሮ በቀለም እግሯ የረገጠችው ወረቀት ይመስላል። ተስፋ ቆርጣ ልትዘጋው ስትል ከጉዱ መካከል «እናታችን» የሚል ቃል ብቅ አለ። መነጽሯን አደረገች። ሦስት መስመር ወርዳ «ፈቃድ» አገኘች፤ ከዚያ እንደገና ሣጥን፣ ሣጥን፣ ሣጥን። የማን ፈቃድ?  አምስተኛውን ከፍታ ደግሞ «እንቅልፍ»ና «ብቻዋን» የሚሉ ቃላት አገኘች። ማን ናት ብቻዋን? ቃላቱን ቁራጭ ወረቀት ላይ ገለበጠቻቸው፤ በፊት በኋላ አድርጋ ልታገጣጥማቸው ሞከረች፤ እናታችን፣ ፈቃድ፣ ብቻዋን፣ እንቅልፍ። በየትኛውም መንገድ ብትደረድራቸው ለቅሶ ሆኑባት። ርእሰ መምህሯ ገብታ የክፍያ ደረሰኝ ስትጠይቃት፣ ሜሌናይቴ በሥራ ዘመኗ ለመጀመሪያ ጊዜ «አሁን አልችልም፤ ቤቴ ሰው ሊሄድብኝ ነው» ብላ ዘንቢሏን አንስታ ወጣች።

የምትሄድበትን ታውቅ ነበር። ጋሽ ሶሳያ በጉብዝናው ዘመን የቴሌግራም ሠራተኛ ነበር፤ ቴሌግራም ሲሞት በጡረታ ወጥቶ ከጫማ ሰፊውና ከዳቦ ቤቱ መካከል ፎቶ ኮፒ ቤት ከፈተ። ገጽ ሃምሳ ሴኒቲ፣ ማለትም ግማሽ ፓአንጋ ነው፤ ለቀብር መርሐ ግብር ቅናሽ አለው። ሰባ ዓመት አልፎታል፤ ዛሬም በአገራችን ለክብር እንደሚደረገው ወገቡን በአሮጌ ሰሌን ታጥቆ ነው የሚቀመጠው፤ ማሽኖቹን ለማክበር ነው ይላል። ሜሌናይቴ ስልኳንም የገለበጠችውን ወረቀትም ጠረጴዛው ላይ አኖረችለት። እሱ ወረቀቱን ገፋ አድርጎ የአባሪውን ስም አየና ከንፈሩን መጠጠ።

«ጌጥ በዝቶበት ነው።»

«የምን ጌጥ፣ ጋሽ ሶሳያ?»

«ባለ ቀለም ፊደል፣ ወፍራም ፊደል፣ ዳር ዳሩን አበባ። የወንድምሽ የቢሮ ፕሮግራም እንዲህ ያለ ደብዳቤ ሲያገኝ ጌጡንም ቃሉንም አንድ ሣጥን ውስጥ ከቶ፣ ዊንሜይል የሚል ስም ለጥፎበት ይልከዋል። የእሱ ዓይነት ፕሮግራም ያለው ሰው ሣጥን መኖሩንም ሳያውቅ ያነበዋል። ያንቺ ስልክ ግን ሣጥኑን እንጂ ውስጡን አያይም።»

«ታዲያ ስልኩ ይሄን ለምን አይነግረኝም?»

«ነግሮሻል እኮ። ‹መክፈት አልተቻለም› ብሎሻል። ‹ደስ ብሎኛል› ያልሽው አንቺ ነሽ።»

 ሽማግሌው ኢንተርኔት ላይ የሚከፍቱ ሰዎች አሉ አላት፤ የቤቷን ጉዳይ ለባዕድ አሳልፋ ልትሰጥ አልፈለገችም። «እንግዲያስ ቁጭ በይ» ብሎ ከድሮ የሚያውቃትን አንዲት ትንሽ ፕሮግራም ይፈልግ ጀመር። በፊት ቤተ ክርስቲያኑ ከውጭ የሚመጣለት ደብዳቤ ሁሉ እንዲህ እየሆነ ሲያስቸግር የተጠቀመባት ናት። አንደኛው ኮምፒውተር ላይ የለችም። ሁለተኛው አልነሳ አለ። ከመሳቢያው ሦስት ፍላሽ አወጣ፤ አንደኛው የቀብር መርሐ ግብር ብቻ ነው፤ ሁለተኛው የልጅ ልጁ ሠርግ፤ ሦስተኛው ላይ ተገኘች። ከዳቦ ቤቱ ሽታው ሲመጣ ሜሌናይቴ ቁርስ እንዳልበላች ትዝ አላት። «ቀስ በይ፣ አትቸኩዪ» ይላል ሽማግሌው ለማሽኑ ይሁን ለእሷ ሳይታወቅ። ከዚያ አንድ ድምፅ ተሰማና የመጀመሪያው ደብዳቤ ተከፈተ። አምስቱንም በየተራ ከፍቶ ወረቀት ላይ አትሞ ሰጣትና፣ ጨዋ ሰው ነውና፣ ጫማ ሰፊውን ሰላም ልበል ብሎ ወጣ።

ፊደሉ ሁሉ ሐምራዊ ነው። «እናታችን» የሚለው ቃል በመጣበት ሁሉ ትልቅና ወፍራም ተደርጓል፤ ዳር ዳሩን ቀያይ አበባ ተጎንጉኗል። ለታላቅ እህት የሚጻፍ ነገር እንዲህ መሆን አለበት ብሎ ስንት ሰዓት እንደደከመበት ያስታውቃል። «ለክብርት ታላቅ እህቴ» ይላል። «ከእግርዎ ሥር ሆኜ እጠይቃለሁ። እናታችን አርጅታለች፤ ሸክሙም ለዓመታት በእርስዎ ትከሻ ላይ ብቻ ወድቋል። ፈቃድዎ ቢሆን ወደ እኔ ወስጄ ልጡራት። ፈቃድዎ ካልሆነ ‹አይሆንም› የምትል አንዲት ቃል ትበቃኛለች፤ ሁለተኛ አላነሣውም።» መጋቢት ዘጠኝ ቀን የተጻፈ። የእሷ መልስ በዚያው ቀን፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ፦ ልቤ ደስ ብሎታል። ሁለተኛው ስለ ቪዛው ነው፤ «አሁንም ካልፈቀዱ አልዘገየም» ይላል። ደስ ብሎታል። ሦስተኛው ላይ ሚስቱ ለእናታቸው የሚሆነውን ክፍል ቢጫ ቀለም ቀባችው። ደስ ብሎታል። አራተኛው የጉዞው ቀን ነው። ደስ ብሎታል። አምስተኛው እሁድ ዕለት፣ ከሦስት ቀን በፊት የተጻፈ ነው፤ አበባም የለውም፤ ሐምራዊው ቀለም ብቻ ቀርቷል። «እንቅልፍ አጣሁ» ይላል። «ቀን ቀን ሁላችንም ሥራ ላይ ነን፤ እናታችን በማታውቀው አገር ብቻዋን ልትውል ነው። እውነቱን ልናገር፦ እርስዎ አይሆንም ይሉኛል ብዬ ነበር የጠየቅሁት። ልጅነቴን ባስታውስ፣ እናታችንን ከእጅዎ የሚወስድ ሰው ይኖራል ብዬ አስቤ አላውቅም።» መጨረሻው መስመር ላይ የክብሩን አነጋገር ረስቶታል፦ «እህቴ፣ እውነት ደስ ብሎሻል?»

ለዚህም ሰኞ ጠዋት መልስ ሰጥታበታለች። ምን ብላ እንደሆነ መድገም አያስፈልግም።

ጋሽ ሶሳያ ሲመለስ አልቅሳ ጨርሳ ነበር፤ ወረቀቶቹንም አጥፋ ዘንቢሏ ውስጥ፣ ከጎደሬው ቅጠል በታች አድርጋለች። ልጽፍለት ነው አለችው። ወንበሩን ለቀቀላት። እሷም እንደለመደችው «ለውድ ወንድሜ፣ ሰላምታዬ እንደ ባሕር አሸዋ ይብዛልህ፣ እኛ ለአምላካችን ምስጋና ይግባውና...» ብላ ጀመረች፤ ፊደሉንም ልታስጌጥ እጇ ወደ ቀለሙ ሄደ። ሽማግሌው ከኋላዋ ጉሮሮውን ጠረገ።

«በእሱ ደብዳቤ ላይ አትመልሺ፤ ሌላ ሣጥን ይሆናል። አዲስ ክፈቺ። እዚህ ጋ ‹ተራ ጽሑፍ› የሚለውን ንኪ። ቀለም የለም፣ አበባ የለም፣ ቃሉ ብቻ ነው የሚሄደው።»

«እንዲህ ራቁቱን?»

«የእኔ ቴሌግራም ስንት ዓመት ራቁቱን ሄደ! ልጅ ሲወለድም ሰው ሲሞትም። ያልደረሰ የለም።»

ሜሌናይቴ የጻፈችውን ሁሉ አጠፋች።  «አይሆንም» ብላ ጻፈች፤ አጠፋችው። እናቷ መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አታውቅማ! ወንድሟ እህቱን ጠየቀ፣ እህቱ ባዶውን መለሰች፣ ቪካ ለቪዛው ተሰለፈች፤ አሮጊቷን ግን የጠየቃት ሰው የለም። በመጨረሻ በሕይወቷ ለወንድሟ ጽፋ የማታውቀውን ዓይነት ደብዳቤ ጻፈች፦ «ደብዳቤዎችህ ባዶ ሆነው ነበር የሚመጡት። ሳላነብ ነው የመለስኩልህ። ዛሬ አነበብኩ። ደስ አላለኝም። እናታችንን ጠይቄ እነግርሃለሁ።» ሰላምታ የለም፣ ምርቃት የለም። ላከችውና ፊቷን በመዳፏ ሸፈነች። ሽማግሌው የአምስቱን ደብዳቤ ገጽ ቆጥሮ ሦስት ፓአንጋ ብቻ ተቀበላት።

ቤቷ ልትደርስ ጥቂት ሲቀራት ስልኳ ጮኸ። አበባ የለም፣ ሐምራዊ የለም፣ ከሥርም የተንጠለጠለ ነገር የለም። «እኔም ደስ አላለኝም» ይላል። አጥሩን ይዛ ደጋግማ አነበበችው፤ ከወንድሟ የደረሳት ደብዳቤ ይሄ የመጀመሪያው መሰላት።

እማማ ሉፔ በሩ አጠገብ፣ መንገዱን የምታይበት ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። የክት ቀሚሷን ከአንድ ቀን በፊት ለብሳዋለች። ሦስቱ ጥቅሎች ከጎኗ በቁመታቸው ተደርድረዋል፤ ቤቱ ግማሹ ባዶ ሆኗል፤ ሰሌን የተነሣበት ወለል ከሌላው ይነጣል። «ቅጠሉ ጥሩ ነው?» አለች እናት። «ጥሩ ነው» አለች ልጅ። ሌላ ቀን ቢሆን ወሬው እዚህ ያልቅ ነበር። ሜሌናይቴ ዘንቢሏን አስቀምጣ ከጥቅሎቹ አንደኛው አጠገብ በርከክ አለችና፣ ከአፉ ላይ ብቅ ያለውን አሮጌ ትራስ ነካችው።

«እማዬ፣ ትራስ እዚያም እኮ አለ። ይሄን ቡትቶ ለምን ትሸከሚዋለሽ?»

«ይሄኛው ድምፅ ይውጣል» አለች አሮጊቷ፣ መንገዱን እያየች።

«የምን ድምፅ?»

 ሜሌናይቴ ትራሱን ስባ አወጣችው። መካከሉ ላይ ጨርቁ ሳስቶ፣ የአፍ ስፋት ያህል ቦታ ቢጫ ሆኗል። ያን ጊዜ ገባት። ወለሉ ላይ ዘፍ ብላ ተቀመጠች። መድኃኒቱ አልሠራም ነበር። አራት ወር ሙሉ እሷ እስኪነጋ ስትተኛ፣ ከግድግዳው ማዶ እናቷ ፊቷን ትራስ ውስጥ ቀብራ ነበር የምትስለው።

«ኬሌፒ በስልክ ‹ደስ ብሏታል› ሲለኝ...» አለች እማማ ሉፔ ቀስ ብላ፤ «ሳሌ ነው ብዬ ነው። እንቅልፍ ነስቻት ነው፤ እውነቷን ነው፤ ልጅቷም ሰው ናት ብዬ ነው። ሳሉ ዝም ካለ ምናልባት ሐሳቡን ትተወው ይሆናል ብዬ ነበር። በኋላ ደግሞ ቲኬቱ መጣ።»

ሜሌናይቴ ማልቀስም ማስረዳትም እኩል መጣባት። ወረቀቶቹን ከቅጠሉ ሥር አወጣች፣ ዘረጋቻቸው፤ ስለ ሣጥኑ፣ ስለ ሐምራዊው ቀለም፣ መክፈት አልተቻለም ስላለው ስልክ እየተንተባተበች ነገረቻት። አሮጊቷ አንገቷን ዘንበል አድርጋ አዳመጠች። ኮምፒውተር በእጇ ነክታ አታውቅም፤ ግን ነገር አይጠፋትም።

«ደብዳቤ ባዶውን ይመጣል እንዴ?»

«መጣ፣ እማዬ። አምስቱም።»

«አንቺ ባዶውን አይተሽ ምን አልሽ?»

«ደርሶኛል፤ ደስ ብሎኛል።»

 ሜሌናይቴ የእናቷን እጅ ይዛ፣ ዓይኗን ሳትሰብር፣ ማንም ያልጠየቀውን ጠየቀች፦ «አንቺስ ምን ትፈልጊያለሽ? መሄድ ነው መቅረት?»

ከውጭ አንድ መኪና አለፈ። እማማ ሉፔ የቀሚሷን ጠርዝ አስተካከለች፣ ሰሌኖቹን አየች፣ ነጩን ወለል አየች። «ኦክላንድ ብርድ ነው ይላሉ» አለች። በእኛ ዘንድ ከዚህ የበለጠ ግልጽ «አይሆንም» የለም። ሜሌናይቴ የመጀመሪያውን ጥቅል ገመድ መፍታት ጀመረች።

«የሴቶች ማኅበር የሰጡኝ ሰሌንስ?» አለች እናቷ ደንግጣ። «የስንብት እኮ ነው!»

«እንመልስላቸዋለን።»

«ሰው ምን ይላል?»

«የሚለውን ጠዋት ገበያ ሰምቼዋለሁ። ከዚያ የከፋ አይመጣም።»

አሮጊቷ መጀመሪያ በአፍንጫዋ ነበር የሳቀችው። «ባዶውን አይታ... ደስ ብሎኛል!» ብላ ደገመችውና ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ጀመር፤ ሳቁ ከሆዷ መጣ፤ መካከል ላይም ተሰብሮ ሳል ሆነ። በልማድ እጇን ወደ ትራሱ ላከች። ሜሌናይቴ ትራሱን አንስታ ከኋላዋ አደረገችው። እናቷ አንድ ጊዜ አየቻት፤ ከዚያ አፏን ከፍታ ሳለች፤ ከመጋቢት ጀምሮ የታፈነውን ሁሉ፣ ቤቱ እስኪናወጥ፣ የጎረቤት ውሻ እስኪጮኽ። ልጅቷ ፈርታ ተነሣች።

«ውሃ ላምጣልሽ?»

እማማ ሉፔ እጇን አወዛወዘች። «ተይኝ» አለች፤ «ልጨርሰው።»